ውክልና ያለው ሁሉ ባለፊልም አይደለም

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ፊልም ለመሥራት የግድ ስቱዲዮ አያስፈልግም። የአጠና ተራ ግርግር፣ የአየር ጤና ታክሲ ተራ፣ የቤቴል ጊቢዎች ራሳቸው የቀረጻ ቦታ ናቸው። ካሜራ ይከራያል፣ ተዋናይ ከሰፈር ይገኛል፣ ኤዲቲንጉም በጓደኛ ላፕቶፕ ይሠራል። የሚጠፋው ብር ነው። ብሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ ነው። ዘመድ መምጣት ስለማይችል ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይልካል፤ እዚህ ያለው ልጅ ወረቀቱን አስረጋግጦ ሥራ ይጀምራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ወጣት ፊልም ሠሪ ይቺን አንድ ወረቀት እንደ ፕሮዲውሰር ውል፣ እንደ ሽርክና ስምምነት፣ እንደ ቅጂ መብት ማስተላለፊያም ይቆጥራታል። ወረቀቷ ግን ይህን ሁሉ አትሸከምም።

ለምን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2199 ውክልናን ሲተረጉም፣ ተወካዩ በወካዩ ስም ሕጋዊ ሥራ እንዲፈጽም የሚገባበት ውል ነው ይላል። በወካዩ ስም! ስለዚህ ተወካዩ የሚፈርመው ለራሱ አይደለም፤ ፊርማው የሚያስገኘው መብትም ግዴታም የወካዩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ፣ ሁሉን ነገር ማድረግ እችላለሁ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንቀጽ 2203 ግን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ የመሳሰለው። በአንቀጽ 2205 መሠረት ካፒታል ኢንቨስት ለማድረግ፣ ለመታረቅ ወይም ፍርድ ቤት ቆሞ ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እስኪ አስቡት፤ የዘመድን ብር ፊልም ላይ ማዋል ካፒታል ኢንቨስት ማድረግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ተሰርቆ ቢወጣስ ማን ይከሳል?

ሦስተኛው የሚያመው ነው። አንቀጽ 2226 ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል ይደነግጋል፤ «አልሽርም» ብሎ ቢፈርም እንኳ አያስረውም። ካራ ቆሬ አካባቢ የማውቀው ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ውጭ ባለ የአክስቱ ልጅ ብርና ውክልና ሁለት ዓመት ለፋ። ፊልሙ ኤዲቲንግ ላይ እያለ በገቢ ክፍፍል ተጣሉ፣ ውክልናው ተሻረ። ልጁ እጅ ላይ የቀረው የቴሌግራም መልእክት ብቻ ነበር። ድርሻው ስንት እንደሆነ የተጻፈበት አንድም ወረቀት አልነበረም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ታሪክ ወዲያው ይለየዋል፤ «ፕሪንሲፓል ኤጀንት ፕሮብሌም» ይሉታል። ባለብሩ ሩቅ ስለሆነ ብሩ የት እንደገባ አያይም። የሚለፋው ልጅ ደግሞ ትርፉ የእሱ መሆኑን እርግጠኛ ስላልሆነ ልቡ ሙሉ አይሆንም። ጥርጣሬው ከሁለቱም ወገን ነው። ፍቱን መድኃኒቱ ድርሻን በቁጥር ጽፎ መፈራረምና ሒሳብን በየጊዜው ማሳየት ነው። ውክልና ብቻውን ይህን አይሠራም።

«ለዚህች ትንሽ ፊልም ይህ ሁሉ ወረቀት?» የሚል አይጠፋም። ግን ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ «ድፍረት» ፊልም በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዷል። ሰንዳንስ ላይ የተሸለመ፣ አንጀሊና ጆሊ ዋና ፕሮዲውሰር የሆነችበት ፊልም ነው። ያኔ የተነሳው የውክልና ጉዳይ አልነበረም፤ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ የመጠቀም መብት ጉዳይ ነበር። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ «ማን ፈቀደ?» የሚለው ጥያቄ ቀረጻ ሳይጀመር ካልተመለሰ፣ በምረቃው ቀን ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውክልናው ልዩ ይሁን፤ ሥራዎቹ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። የቀረጻ ፈቃድ ማውጣት፣ ከተዋናይና ከባለሙያ ጋር መዋዋል፣ የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ ፍርድ ቤት መቅረብ ብላችሁ አስጽፉ። የማይፈቀደውንም ጻፉ፣ ለምሳሌ ፊልሙን መሸጥ። ከዚያ ለብቻው የጽሑፍ ውል ይኑር፦ ፊልሙ የማን ነው፣ ገቢው እንዴት ይከፈላል፣ ውክልናው ቢሻር ወይም ወካዩ ቢሞት ለሠራው ሰው ምን ይደርሰዋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስለዚህ «በቃል ሰጥቶኛል» አያዋጣም። ውክልናውንም ሆነ መሻሩን ሁላችንም ውልና ማስረጃ የምንለው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

ዘመድን ውል ማስፈረም ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል፤ «አታምነኝም ወይ?» ይባላል። እኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው የማየው። ዝምድናችሁ ከፊልሙ በላይ ዋጋ ካለው፣ ሳትጣሉ በፊት ተፈራረሙ።