ቤት ወይስ አክሲዮን?

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ሰሞኑን የሚነሣው ክርክር ስለ ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤትና ስለ አክሲዮን ሆኗል። ገንዘብ ያላቸው ቢከራከሩበት ደግ ነበረ፤ የምንከራከረው ግን ወሩ ሳይጋመስ ደመወዛችን የሚያልቅብን እኛው ነን።

እኔ ግን እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ። ደብረ ብርሃን የምትኖረው እናቴ በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀመችውን 400,000 ብር ይዛ፤ «አንተ የተማርህ ነህና ምከረኝ» አለችኝ። እናቴ ጡረታ የላትም፤ ይህ ገንዘብ ከጠፋ ሌላ አይመጣም። ለካስ ምክሩን ብቻዋን ጨርሳው ኖሯል፤ ከጓሮዋ ሁለት ክፍል ሠርታ ልታከራይ ነው። እኔ አክሲዮን ብዬ ስጀምርላት፤ «ልጄ፣ ወረቀት ዝናብ አይከልልም» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና እስቲ በጠመኔ እንሥራው። ሁለቱ ክፍሎች በወር 5,000 ብር ይከራያሉ እንበል፤ በዓመት 60,000 ይሆናል። ሁለት ወር ባዶ ቢውሉ 10,000 ይቀነሳል፤ ለዕድሳትና ለግብር ሌላ 10,000። የሚተርፈው 40,000 ነው፤ ይኸውም ከመቶ 10። አክሲዮንስ? የ1,000 ብር አክሲዮን 200 ብር አተረፈ ሲባል ከመቶ 20 ነው ብለን እናጨበጭባለን። ነገር ግን ያንኑ ወረቀት ከሌላ ሰው በ1,600 ብር የገዛ ሰው የሚያገኘው ከመቶ 12 ተኩል ብቻ ነው። ያም ኩባንያው ካተረፈና ትርፉን ካከፋፈለ ነው። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

እናቴ ወረቀትን የምትፈራው በሒሳብ አይደለም። አያቴ ሦስት ቤት ነበረው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሁለቱ ተወረሱ፤ ተከራዮቹም ኪራያቸውን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ። «ይኸው፣ ቤትም ይወሰዳል» ብላት፤ «የተኛንበት ግን ቀረልን» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የግል ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወደ መንግሥት ሲዞሩ፣ ባለ አክሲዮኖቹ የሚተኙበት ወረቀት አልነበራቸውም።

ቤትም የራሱ ጣጣ አለበት። የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል፤ ባለቤቱም እንደ ልቡ ኪራይ እንዳይጨምር ገድቧል። (አዲስ አበባ ላይ እኔው ራሴ ተከራይ ስለ ሆንሁ በዚህ አላዝንም።) ከሁሉም የሚከፋው ግን ለሕክምና 30,000 ብር ቢያስፈልግ ከቤት ላይ አንድ ግድግዳ ቆርሶ መሸጥ አለመቻሉ ነው። አክሲዮን በጥቂት በጥቂቱ ይሸጣል፤ ገዢ ከተገኘ። ቀድሞ ባለ አክሲዮኑ ገዢ ፍለጋ የሚዞረው ራሱ ነበረ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ገባበት። ሆኖም በዚያ ዓመት የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ሂሳብ ለሕዝብ ሲቀርብም፣ ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። ከገዙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ትንሹን መጠን 33 አክሲዮን፣ በ9,900 ብር።

ለእኔ መልካም ነው፤ ደመወዜ ወር በወር ይመጣል፣ ዕድሜዬም ገና ስለ ሆነ አሥር ዓመት ብጠብቅ አልጎዳም። እናቴ ግን የሽሮውና የዘይቱ ወጪ ወር በወር ነው፤ ትርፍ ድርሻ ቢመጣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለራሴ የመረጥሁትን ለእርሷ ልመርጥላት አልቻልሁም። ሁለቱ ክፍሎች ይቅሩና አንዱን ሥሪ፤ የቀረውን ለክፉ ቀን ባንክ አስቀምጪው አልኋት።

ጥቂት አሰበችና ተስማማች። የግንባታ ፈቃዱን ለመጠየቅ ስትነሣ፤ «ያ ወረቀትህ ሲያተርፍ የክፍሉን በር አንተ ትገዛለህ» አለችኝ።