አንድ ዘንግ ለሁለት ሰው

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት ፎቶ ብዙ ጥያቄ አምጥቷል። እኔና ባለቤቴ እስከ ጉልበታችን ወንዝ ውስጥ ቆመን ያያችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዓሣ ማጥመድ ደግሞ መቼ ጀመራችሁ?» ብላችኋል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ደውላ «በዚህ ዕድሜሽ ወንዝ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። ልጆች ከቤት የወጡላቸው ባልና ሚስት፣ ሁለቱም እኩል የማይችሉትን አንድ ነገር አብረው ቢጀምሩ ጥሩ ነው እላለሁ። የእኛ ነገር ፍላይ ፊሺንግ ሆነ።

ለማያውቀው ላስረዳ። የለመድነው ዓሣ ማጥመድ መንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ፣ ክብደት አስሮ፣ ወርውሮ መጠበቅ ነው። ክሩን ጎትቶ የሚወስደው ክብደቱ ነው። እዚህ ግን መንጠቆው ላይ ያለው ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ መሳይ ናት፤ ክብደት የሚባል የላትም። ተሸክሟት የሚሄደው ወፈር ያለው ገመድ ራሱ ነው። ስለዚህ ገመዱን መጀመሪያ ወደ ኋላ ትወረውራላችሁ፤ ከኋላችሁ እስኪዘረጋ ትንሽ ትታገሣላችሁ፤ ከዚያ ወደ ፊት ትልካላችሁ። ጉልበት አይሠራም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን እንደ ቡሄ ጅራፍ ሲያጮኸው ዝንቧ ተበጥሳ የት እንደገባች እግዜር ይወቅ።

እኔን የጠቀመኝ ባዮሎጂው ነው። ያ ለፈተና ሸምድዳችሁ በማግስቱ የረሳችሁት የነፍሳት የዕድገት ዑደት እዚህ እንጀራ ነው! ሜይፍላይ የምትባለው ነፍሳት አብዛኛውን ዕድሜዋን ከወንዝ ድንጋይ ሥር ትኖርና ክንፍ ባወጣች በአንድ በሁለት ቀን ትሞታለች። ትራውት ደግሞ ፊቱን ወደ ላይኛው ውኃ አዙሮ ወራጁ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ድንጋይ ገልብጬ የተለጠፈውን አያለሁ፤ ከሳጥኑ ውስጥ እሱን የምትመስለውን እመርጣለሁ። ባለቤቴ ይወረውራል። ከዚያ እንቀያየራለን።

የቤታችንን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እሱ ቀን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እኔ ማታ አረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። ለብዙ ዓመታት የተገናኘነው በር ላይ ነው፤ የቀረውን ፍሪጅ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነበር የምንነጋገረው። «ሽሮው ተሠርቷል፣ የልጁ ቀጠሮ ሐሙስ ነው።» ልጆቹ ወጡ፣ የማታ ሥራውም ቀረ፣ እኛም ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጸብ የለም። ወሬም የለም። በዚህ ዓይነት ጸጥታ ውስጥ ቆይተው፣ ልጅ ከዳሩ በኋላ የተለያዩ የእኛ እኩዮች ስንት ናቸው? ሽማግሌ የሚጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

«ተጓዙ፣ ዓለምን እዩ» ይሉናል። እሺ፣ ግን የእኛ ሰው ጉዞ ከሳሎን ወደ ሳሎን ነው። ከዴንቨር ተነስተን ዲሲ እንሄዳለን፤ እዚያ ዘመድ ቤት እንጀራ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ እዚያው ቴሌቪዥን አይተን እንመለሳለን። ዘመድ መጠየቅን አልጠላሁም። ግን እሱ ጉዞ ለሁለት አይደለም፤ ሴቶቹ ወጥ ቤት፣ ወንዶቹ ሶፋ ላይ። ወንዝ ግን ሌላ መንገድ ያስይዛል። ሳውዝ ፕላት ዳር ዴከርስ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ ዓሣ ባይኖር ኖሮ መኪናችን እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

አሁን ምክር። ባል ሚስቱን አያስተምር፤ ሚስትም ባሏን። መኪና መንዳት ከባሏ የተማረች ሴት ታውቀዋለች! ለግማሽ ቀን አስተማሪ ክፈሉና ሁለታችሁም እኩል ተቆጡ። ሁለተኛ፣ አንድ ዘንግ ብቻ ግዙ። ሁለት ዘንግ ሲኖር አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄድና ማታ መኪናው ጋ ትገናኛላችሁ፤ ያው የታክሲውና የማታው ሥራ ኑሮ ተመለሰ ማለት ነው። በአንድ ዘንግ ግን አንዱ ሲወረውር ሌላው ዳር ሆኖ ውኃውን ያነባል፤ «ከድንጋዩ በስተግራ፣ አሁን ተነሣ!» ይላል። ፈቃድ ግን ለየራሳችሁ ነው። በየስቴቱ የተለየ ነው፤ የሎውስቶን ፓርክም የራሱ አለው።

ወሬውም በዚያው መጣ። ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ውኃ ሲያይ ይናገራል። አባቱ አገር ቤት ሲያርፉ መሄድ አልቻለም ነበር፤ የዚያን ቀን ታክሲውን ይዞ ማንን እንዳሳፈረ፣ መንገደኛው ስለ አየሩ ሲያወራው ምን እንደመለሰ የነገረኝ ወንዝ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት አብረን ኖረን አልሰማሁትም ነበር። እኔም ምንም አላልኩም፤ ዘንጉን ተቀበልኩት።

«የሀብታም ጨዋታ ነው» ለምትሉ፣ የጀማሪ ዘንግ ከነገመዱ ከአንድ ስልክ ያንሳል። «የወንድ ነገር ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ ጆአን ዎልፍ በ1951 እ.ኤ.አ. በርቀት ውርወራ ወንዶቹን አሸንፋለች፤ በኋላም ከባሏ ከሊ ዎልፍ ጋር ኒውዮርክ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍታለች።

ጠንካራው ጥያቄ የእህቴ ነው፤ «ይዛችሁ ልትለቁት ለምን ታሠቃዩታላችሁ?» ቀላል መልስ የለኝም። ሕጉ ሲፈቅድ አንዳንዱን እንበላለን፤ የጾሙን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። የሎውስቶን ውስጥ ግን አገር በቀሉ ከትስሮት ትራውት የግድ ይለቀቃል፤ ባለ እሾህ መንጠቆም ክልክል ነው። የምንለቀውን እጃችንን አርሰን፣ ከውኃ ሳናወጣው ነው የምንለቀው። ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ዘንጉን አጥፈን እንሄዳለን፤ በሞቀ ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንስ የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም ይሞታልና። ፎቶ ላይ ዓሣ ያላያችሁት ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ቢደረግም ዓሣው ለእኛ ደስታ ሲል እንደሚደክም አውቃለሁ፤ ቅር የማይለው አጥማጅ ካለ እኔ አላምነውም።

በነገራችን ላይ ኮሎራዶ ውስጥ በብዛት የምንይዘው መጤ ነው። ሬይንቦው ከፓሲፊክ ዳርቻ፣ ብራውን ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። እንደኛው።

«አገር ቤትስ?» ላላችሁኝ፣ ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት አለ፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ፓርኩን ጠይቃችሁ፣ ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። እኛም ወረፋ ላይ ነን፤ ጉልበታችን ከፍታውን ከቻለው።

አውሮራና ዴንቨር ያላችሁ፣ ከትዳር አጋራችሁ ጋር መሞከር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዘንግ እናውሳለን። አንድ።