«ድሮ ቀረ» ባዮች እና ፒንክ ፍሎይድ

ስለ ሙዚቃ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ድሮ ቀረ!» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ሙዚቀኛ በመጀመሪያ አልበሙ የወደድንለትን ነገር በሁለተኛው ሳይደግመው ሲቀር «ተበላሸ» እንላለን፤ ሲደግመው ደግሞ «ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ብለን እናማዋለን። አሁን ማን ይሙት፣ ሙዚቀኛው ምን ቢያደርግ ነው የሚሻለው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ፒንክ ፍሎይድ በተባለው የእንግሊዝ ባንድ ላይ ላነሳው ፈልጌያለሁ። በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የዚህን ባንድ ያህል ድምፁን የለዋወጠ፣ በለወጠም ቁጥር አድናቂዎቹን ያከራከረ ብዙ የለም። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

በፒንክ ፍሎይድ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኞቹ «እውነተኛው ፒንክ ፍሎይድ በ1968 ሲድ ባሬት ሲወጣ አብሮ ወጥቷል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ከ1973 በፊት ያለው ጫጫታ ነው፤ ሙዚቃው የሚጀምረው ከ‹ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን› ነው» ባዮች ናቸው። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። በእኔ እምነት ባንዱ የተለወጠው ፋሽን ለመከተል ሳይሆን አንድ ሰው ስለጎደለው ነው። ያንን ጉድለት አራት ሆነው የሚሞሉበትን መንገድ ሲፈልጉ ሙዚቃቸው አደገ። ፍለጋው ቆሞ አንድ ሰው ብቻውን መናገር ሲጀምር ግን ድምፃቸው ጠበበ። መለወጥ አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው አብሮ መሥራት መቅረቱ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ሮጀር ዋተርስ፣ ኒክ ሜሰን እና ሪቻርድ ራይት ለንደን ውስጥ አርክቴክቸር ለማጥናት የገቡ ተማሪዎች ነበሩ። ሲድ ባሬት ደግሞ ከኬምብሪጅ የመጣ የሥዕል ተማሪ ነው። ባንዱ በ1965 ሲመሠረት ስሙን ያወጣው ባሬት ሲሆን፣ የወሰደውም ፒንክ አንደርሰን እና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉ ሁለት የአሜሪካ የብሉዝ ሙዚቀኞች ነው። በ1966 እና በ1967 ዩፎ በተባለው የለንደን ክለብ፣ ግድግዳው ላይ ቀለም በሚያፈስሱ መብራቶች ሥር ሲጫወቱ ስማቸው ታወቀ። ሳይኬዴሊክ ሮክ የሚባለው ስልት ይህ ነው። የዘፈንን የተለመደ ቅርጽ ይሰብራል፣ ድምፅን ያስተጋባል፣ ያጣምማል፣ አድማጩንም ካለበት አንስቶ ሌላ ዓለም ውስጥ ይጥለዋል። ኤል.ኤስ.ዲ ከተባለው የዘመኑ አደንዛዥ ዕፅ ጋርም ስሙ ተያይዞ ይነሳል።

በነሐሴ 1967 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን» ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለ። በአንድ በኩል ባሬት ስለ ብስክሌት፣ ስለ ወፍ ማስፈራሪያ እና ስለ ድንክዬ ፍጡር የጻፋቸው፣ የልጆች ተረት የሚመስሉ አጫጭር ዘፈኖች ይገኛሉ። በሌላ በኩል «ኢንተርስቴላር ኦቨርድራይቭ» የተባለ፣ ግጥም የሌለውና ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ሙዚቃ አለ። ከአልበሙ 11 ሥራዎች ስምንቱን ባሬት ብቻውን ነው የጻፋቸው። ባንዱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ያ ሰው ግን ብዙም አልቆየም። የባሬት የአእምሮ ጤና ታወከ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ሳይነካ የሚቆምበት ጊዜ መጣ። የኬምብሪጅ ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር እንዲያግዝ ተጨመረና ለጥቂት ጊዜ አምስት ሆኑ። በጥር 1968 ግን ወደ አንድ ዝግጅት ሲሄዱ ባሬትን ከቤቱ ሳያነሱት አለፉ። በቃ፣ እንደዚያው ቀረ። በሚቀጥለው አልበም ያለው የእሱ ሥራ መዝጊያዋ ላይ የገባች አንዲት ዘፈን ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የዘፈን ደራሲውን ያጣ ባንድ ምን ያደርጋል? ወይ ይበተናል፣ ወይ የሄደውን ሰው ያስመስላል። እነሱም ለጥቂት ጊዜ ማስመሰሉን ሞክረውታል፣ አልያዘላቸውም። ያዋጣቸው በእጃቸው ያለውን ማየታቸው ነው። በሰኔ 1968 የወጣው «ኤ ሶስርፉል ኦፍ ሲክሬትስ» መጠሪያ የሆነውን የ12 ደቂቃ ገደማ ሙዚቃ ዋተርስ እና ሜሰን ወረቀት ላይ እንደ ሕንፃ ንድፍ ሣሉት። የት ከፍ እንደሚል፣ የት እንደሚወርድ፣ የት ጸጥ እንደሚል በመስመር አሰመሩት። እንደ ባሬት ዘፈን መጻፍ ያልቻሉት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሙዚቃን እንደ ቤት መሥራት ጀመሩ። ይህንን «መበላሸት» ብሎ መጥራት ግፍ አይሆንም?

ለነገሩ ፍለጋው ሁሉ ሰምሯል አልልም። በ1969 በወጣው «ኡማጉማ» ሁለተኛ ሸክላ ላይ አራቱም ሰዎች ለየብቻቸው የሠሩት ክፍል አለ። ሲሰሙት የሚገባን አንድ ነገር አራት ሰዎች ተለያይተው ሲሠሩ የአራት ሰው ያህል እንደማይሆኑ ነው። የ1970ው «አተም ኸርት ማዘር» በነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችና በኳየር ታጅቦ ሽፋኑ ላይ የላም ፎቶ ይዞ ወጣ። በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ቢሆንም ጊልሞር እና ዋተርስ ራሳቸው በኋላ አጣጥለውታል። ውጤቱ በደንብ የታየው በ1971ዱ «ሜድል» ላይ ነው። የሸክላው ሁለተኛ ፊት በሙሉ «ኤኮስ» የተባለ የ23 ደቂቃ ሙዚቃ ነው። የሚጀምረው ከራይት ፒያኖ በወጣችና ከባሕር ሥር የምትመጣ በምትመስል አንዲት ድምፅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለዬለዬ የቀዷቸውን ቁርጥራጮች «ምንም» የሚል ስም እየሰጡ ቁጥር ይጽፉባቸው ነበር። ከእነዚያ «ምንም»ዎች ነው ይህን የገጣጠሙት። ጊልሞር እና ራይት አብረው ሲዘፍኑ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ተዋህደዋል።

ስለዚህ የ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ሙዚቃውን ከመቅዳታቸው በፊት ከጥር 1972 ጀምሮ መድረክ ላይ ሲጫወቱትና ሲያርሙት ቆይተዋል። ግጥሙን በሙሉ ዋተርስ ጻፈው፤ ጉዳዩም ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሞትና ስለ እብደት ነው። የድሮዎቹ የሳይኬዴሊክ ዘዴዎች አልተጣሉም፤ ሥራ አገኙ እንጂ። የሰዓቶቹ ጩኸት ስለ ጊዜ ይናገራል፤ የሳንቲሙና የገንዘብ መመዝገቢያው ድምፅ በቴፕ ተቆራርጦ ለዘፈኑ ምት ሆነ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ አልበም የሚወሰድ የተለየ ነገር አለ። ዋተርስ ጥያቄዎችን ካርድ ላይ ጽፎ ስቱዲዮ አካባቢ ያገኛቸውን ሰዎች ቃለ መጠይቅ ያደርግ ነበር። ስለ እብደት፣ ስለ ሞት፣ መቼ ሰው እንደመቱ ሁሉ ይጠይቃቸው ነበር። ከተጠየቁት አንዱ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። የእሱ መልስ አልገባም፤ ቀልድ ለመፍጠር የተጨነቀ ሆኖባቸው ተዉት። የስቱዲዮው ዘበኛ መልስ ግን ገባ፤ እንዲያውም አልበሙን የሚዘጋው የእሱ ድምፅ ነው። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ የሚገመት፣ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ ከ700 ሳምንታት በላይ የቆየ ሥራ የመጨረሻ ቃሉን ለዘበኛ ሰጠ። «ዝነኛ ካልተናገረ ዜና አይሆንም» ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

የ1975ቱ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» የጎደለውን ሰው በግልጽ ያነሳል። ወደ 26 ደቂቃ የሚወስደው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ለሁለት ተከፍሎ አልበሙን ይከፍታል፣ ይዘጋዋል፤ የተሠራውም ስለ ባሬት ነው። በሰኔ 5 ቀን 1975 በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ወፍራም፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰው ስቱዲዮ ገባ። መጀመሪያ ላይ አላወቁትም። ባሬት ነበር። ከዚህ ታሪክ በኋላ «ሲድን ረስተው ወደ ንግድ ገቡ» የሚል ሰው ይህን አልበም ከልቡ አላዳመጠውም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጠበበው። በ1977ቱ «አኒማልስ» ላይ ራይት አንድም ድርሰት የለውም። በ1979ኙ «ዘ ዎል» ሥራ መሃል ጭራሽ ከባንዱ ተባረረና መድረኩ ላይ በደመወዝ የሚጫወት ሰው ሆነ። የ1983ቱ «ዘ ፋይናል ከት» ሽፋን ጀርባ ሥራው የሮጀር ዋተርስ እንደሆነ፣ የተጫወተው ደግሞ ፒንክ ፍሎይድ እንደሆነ ይናገራል። ባንዱ የአንድ ሰው አጃቢ ሆነ ማለት አይደል?

«‹ዘ ዎል› እኮ ብዙ ሰው የነካ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በ1980 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እኩል ትምህርት የጠየቁ ተማሪዎች ከአልበሙ አንዱን ዘፈን መፈክራቸው አድርገውት በአፓርታይድ መንግሥት ታግዷል። ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከዚያው አልበም ብዙ ሰው የሚወደውን «ኮምፈርተብሊ ነም»ን እንውሰድ። ዜማውን ያመጣው ጊልሞር ነው፣ ግጥሙን የጻፈው ዋተርስ፤ በቅንብሩ ላይም ተጣልተውበታል። ይህ ለእኔ ማስረጃ ነው፤ ሁለት ሰው የታገለበት ሥራ አንድ ሰው ካዘዘበት ይበልጣል።

ዋተርስ በ1985 ወጣ፤ በስሙም ተካሰሱ። በ1987 እና በ1994 ያለ እሱ የወጡት አልበሞች ድምፃቸው ያማረ ቢሆንም ቃሉ ሳስቷል። አራቱ እንደገና አብረው የቆሙት ከ24 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተካሄደው ላይቭ ኤይት ላይ ነበር። ያ ዝግጅት የተጠራው በእኛ የ1977ቱ ድርቅ ምክንያት የተካሄደው ላይቭ ኤይድ 20 ዓመት በሞላው ጊዜ ነው። በድርቁ ወቅት ልትሞት ስትል ፊቷ በፊልም የተቀረጸ ሕፃን አድጋ፣ ተምራ፣ ያንኑ ቀን እዚያው መድረክ ላይ ወጥታለች። አራቱ ሰዎች ግን ሌላ ዕድል አላገኙም። ባሬት በ2006፣ ራይት በ2008 አረፉ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ነገ ከነገ ወዲያ ከእኛ መካከል የመዝናኛ ገጽ የሚይዝ ሰው ይኖራል። ያ ሰው አዲስ አልበም ሲወጣ «እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማን ወጣ፣ ማን ገባ? ሙዚቀኛው አሁን ሊናገር የፈለገው ምንድነው? ይህን ለመናገር የድሮው ድምፅ ይበቃው ነበር? የእነዚህን መልስ ከአንዲት ተወዳጅ ዘፈን ማግኘት አይቻልም፤ አልበሙን ከነቅደም ተከተሉ መስማት ይጠይቃል። ፒንክ ፍሎይድን ለመጀመር ለሚፈልግ ከ1967ቱ ተነስቶ እስከ 1975ቱ በወጡበት ቅደም ተከተል እንዲሰማ እመክራለሁ። ሰምቶ በእኔ ሐሳብ የማይስማማ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሳ።