ናይሮቢ፦ የነፍሰ ጡሮችን ጭንቀት ማን ይጠይቃል?

በናይሮቢ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ተቋም የምትሄድ ሴት ክብደቷ ይመዘናል፤ የደም ግፊቷ ይለካል፤ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል። "እንቅልፍ ይወስድሻል? የሚያስፈራሽ ነገርስ አለ?" ብሎ መጠየቅ ግን እንደ ደም ግፊቱ የዘወትር ሥራ አልሆነም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ 10 በመቶ ያህል ነፍሰ ጡሮች የአእምሮ ጤና እክል ይገጥማቸዋል። በታዳጊ አገሮች መጠኑ ወደ 15.6 በመቶ ከፍ ይላል። በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ድብርት ሲሆን ጭንቀትም ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል።

ምጥን መፍራት እንግዳ ነገር አይደለም። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" የሚለው ምርቃትም የመጣው ከዚሁ ፍርሃት ነው። በናይሮቢ ግን በምጡ ፍርሃት ላይ የክፍያ ስጋት ይደረባል። እ.አ.አ. በ2015 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ሁለት እናቶች የሕክምና ክፍያ ባለመክፈላቸው በፑምዋኒ የማዋለጃ ሆስፒታል መታገታቸው መብታቸውን የጣሰ ነው ሲል ፈርዷል።

መንግሥት በ2013 በሕዝብ ጤና ተቋማት መውለድ ነፃ እንዲሆን አድርጎ ነበር። ኋላም "ሊንዳ ማማ" የተባለው መርሐ ግብር እናቶችን ያለ መዋጮ ሲሸፍን ቆየ። ከጥቅምት 2024 ወዲህ ሥራ የጀመረው አዲሱ የማኅበራዊ ጤና መድን ግን የገቢን 2.75 በመቶ፣ ቢያንስ በወር 300 ሽልንግ፣ መዋጮ ይጠይቃል። ቋሚ ገቢ ለሌላት የጉልት ነጋዴ ይህ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል።

አዋላጅ ነርስ የመድን ሕጉን መለወጥ አትችልም። ሆኖም ነፍሰ ጡሯን ደጋግማ የምታገኛት ባለሙያ እርሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። በእነዚህ ቀጠሮዎች ነርሷ የጭንቀቱን ምንጭ ለይታ መጠየቅ፣ ምጥ እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚሄድ ማስረዳት፣ የአተነፋፈስ ልምምድ ማሳየት፣ ባል ወይም እህት እንዲያግዟት ማግባባት ትችላለች። ምግብ የተዘጋባትን፣ በቤቷ ጥቃት የሚደርስባትን ወይም ራሷን ለመጉዳት የምታስበውን ደግሞ ሳትዘገይ ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ይኖርባታል። "አይዞሽ" የሚለው ቃል ከመስማት በፊት ከመጣ ጨዋታውን ይዘጋል፤ ከሰሙ በኋላ ሲነገር ግን ያጽናናል።

ለዚህ የግድ የአእምሮ ሐኪም አያስፈልግም። በገጠር ፓኪስታን የተሞከረውና በ2008 ውጤቱ የታተመው ሥልት፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች የእናቶችን ድብርት በእጅጉ መቀነስ እንደሚችሉ አሳይቷል። ኬንያም በ2023 መቶ ሺህ ያህል የማኅበረሰብ ጤና አራማጆችን አሰማርታለች።

ተቃራኒው መከራከሪያም ቀላል አይደለም። የኬንያ ነርሶች በ2017 ለአምስት ወራት ያህል ሥራ አቁመው ነበር። የሥራ ጫና የበዛባት ነርስ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ከተጫነባት ጥያቄው ቅጽ መሙያ ሆኖ ይቀራል። ይሁንና የኤችአይቪ ምርመራም በአንድ ወቅት ለዚሁ ክፍል አዲስ ሸክም ነበር። የዘወትር ሥራ የሆነው ሥልጠና፣ መሣሪያና ገንዘብ አብረው ስለመጡ ነው።

ጉዳዩ ከፑምዋኒ ብዙም በማይርቀው ኢስሊ ሠፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶችም ቅርብ ነው። በአገር ቤት ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት ትሄድ የነበረች ሴት፣ እዚህ የምታርሳት እናት አጠገቧ የለችም። ስዋሂሊ ካልቻለች ደግሞ ነርሷ ብትጠይቃትም የልቧን መናገር ይቸግራታል። ባል ወይም ጎረቤት ቢያስተረጉም ደግሞ የምትፈራው ከእርሱ የመጣ ከሆነ ዝም ማለቷ አይቀርም።

ስለዚህ ለናይሮቢ የጤና ባለሥልጣናት የሚቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው፦ በክትትሉ ካርድ ላይ ስለ ጭንቀት የሚጠይቅ ቦታ፣ ለነርሷ የማዳመጫ ጊዜ፣ ለእናቲቱም የምታምነው አስተርጓሚ።