«ኃይለኛ ውሻ አለ»

ፒኤችፒ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተት ነው። ክፍል ውስጥ «አትሪቢዩት ተጠቀሙ፣ ኮዳችሁ ይጠራል» እያልኩ ያደከምኳችሁ እኔ ነኝ። አሁንም ቃሌን አላጠፍኩም። ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ።

ለማታውቁት፦ አትሪቢዩት ማለት ክላሱ አናት ላይ በ#[ ] ውስጥ የምንጽፈው መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከፒኤችፒ 8.0 ጋር መጣ። ከዚያ በፊት ይሄን መረጃ ኮመንት ውስጥ በ@ ምልክት ነበር የምንጽፈው፤ ኮመንቱን የሚያነብልን ላይብረሪም ያስፈልገን ነበር። አሁን የቋንቋው አካል ሆኗል። ጥሩ ለውጥ ነው።

ወደ ጉዴ ልመለስ። ለአንድ ድርጅት ሲስተም ስሠራ «አስተዳዳሪ ብቻ» የሚል አትሪቢዩት ፈጠርኩና ወላጅ ክላሱ ላይ ለጠፍኩት። ገጹ ከመከፈቱ በፊት በሪፍሌክሽን የሚያነበው ኮድም ጻፍኩ። ሞከርኩት፣ ሠራ። ከወራት በኋላ የደመወዝ ሪፖርት ገጽ ጨመርኩ፤ ክላሱን ከዚያው ወላጅ አስወረስኩትና ተጠብቋል ብዬ ተኛሁ። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ደውሎ «የሁላችንም ደመወዝ ይታየኛል፤ እንዲህ ነው እንዴ መሆን ያለበት?» አለኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ልጅ ክላስ ሜተድ ይወርሳል እንጂ የወላጁን አትሪቢዩት አይወርስም። ሪፍሌክሽን ስትጠይቁት የሚሰጣችሁ እዚያው ክላስ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። የኔ ኮድ ልጁን ጠየቀ፣ ባዶ መልስ አገኘ፣ «ክልከላ የለም» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

በየሰፈራችን በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፉ ግን አይናከስም። እኛ የምንፈጥረው አትሪቢዩትም እንደዚያው ነው፤ አንብቦ የሚሠራበት ኮድ ከሌለ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስሙን አንድ ፊደል ብትስቱ እንኳ፣ በሪፍሌክሽን አትሪቢዩቱን ኦብጀክት አድርጎ የሚፈጥር እስኪመጣ ድረስ ፒኤችፒ ዝም ይላል። እርግጥ ቋንቋው ራሱ የሚጠብቃቸው ጥቂቶች አሉ። ለምሳሌ ከ8.3 ጀምሮ ያለውን ኦቨርራይድ ወላጁ ጋ የሌለ ሜተድ ላይ ብትለጥፉት ኮዱ ጭራሽ አይነሳም። ያ ውሻው ያለበት ግቢ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። አትሪቢዩት ለመግለጫ ግሩም ነው፦ ለገጽ አድራሻ፣ ለዳታቤዝ ሠንጠረዥ ስም። ለጥበቃ ስትጠቀሙበት ግን አንደኛ፣ መለያ የሌለው ክላስ ዝግ ይሁን፤ መለያ የሚያስፈልገው ለሁሉም ክፍት የሆነው ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ አንባቢው ኮድ እስከ ወላጅና አያት ድረስ ወጥቶ ይይ። ሦስተኛ፣ ቴስት ስትጽፉ ሲገባ ማየት የለበትም የተባለውን ሰው አስገብታችሁ ሞክሩ። እኔ የሞከርኩት በአስተዳዳሪ ስም ብቻ ነበር።

«ፍሬምዎርኩ ይሠራልኝ የለ?» የምትሉ አላችሁ። ይሠራላችኋል፤ ግን እንዴት እንደሚያነብ እወቁ።

ያ ሠራተኛ ደግ ሰው ሆኖ ደወለልኝ። ዝም ብሎ እያየ ቢቀመጥስ? ዛሬ ማታ የራሳችሁን ኮድ ክፈቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይሄን መለያ የሚያነበው ማነው?