መኪናውን ማን ይጠብ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ ፊልም ነው። «ኡስታዝ ደግሞ ከፊልም ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋምና ነገሩን ላስረዳ።

ባለፈው ሳምንት ዒሻ ሰግጄ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው ቤታችን ስገባ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ይስቃል። «ወንድም ጋሼ፣ ቁጭ በልና እየው፤ የተሸለመ ፊልም ነው» አለኝ። ከመጀመሪያው አስጀመረልኝ።

ፊልሙ የአሜሪካዊው ኩዌንቲን ታራንቲኖ «ፐልፕ ፊክሽን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የካን ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በድርሰቱ ኦስካር አግኝቷል። ሙያው አይናቅም። የተለያዩ ታሪኮችን ቅደም ተከተላቸውን እያዛባ ተርኮ፣ በመጨረሻ ወደ ተነሳበት ምግብ ቤት ይመልሰናል። ጨዋታው ይጥማል፤ እኔም ሳላስበው ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። መኪና ውስጥ ከኋላ በተቀመጠ ወጣት ላይ የአንደኛው ነፍሰ ገዳይ ሽጉጥ ይባርቅበታል። ልጁ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት ምን ይመስላችኋል? የተጠለሉበት ቤት እመቤት ከሥራ ሳትመለስ መኪናውን ማን ይጠብ የሚለው ነው! የሟቹን እናት የሚያነሳ የለም። ወንድሜ የሚስቀው እዚህ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ፈገግ ብያለሁ። ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

እርግጥ ሌላኛው ገዳይ በመጨረሻ ሥራውን ሊተው ይወስናል። የሚወስነው ግን የተተኮሰበት ጥይት ስለሳተው እንጂ ለገደላቸው አዝኖ አይደለም።

በፊልም ውስጥ ጥይት አይተኮስ ማለቴ አይደለም። የእኛው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበው «ድፍረት» ውስጥም የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊልም በሙሉ ስለዚያች ጥይት ነው። ለሟች ወገኖቹ ይቆማሉ፤ ገዳይቱም ገና ልጅ ናት፤ ሕግና ባህል ይሟገታሉ። ማንም አይስቅም።

ወንድሜን፣ «እኛ ግቢ ሰው ሲሞት ምን እናደርጋለን?» አልኩት። «ድንኳን እንተክላለን» አለኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ለቅሶ ይቀመጣል። «ታዲያ ለዚያ ልጅ ማን ተከለለት?» ስለው ዝም አለ፤ ፊልሙንም ራሱ አቆመው።

ውድ ወላጆች፣ ፍላሹን ብንነጥቃቸው ነገ ከጓደኛ ያገኙታል። ለትንንሾቹ መከልከል ግዴታችን ነው። ከትልልቆቹ ጋር ግን አብረን እንቀመጥ፤ ሲስቁም ስለ ሟቹ እንጠይቃቸው።