የፀሐይ ኀይል ማመንጫ ከመተከሉ በፊት በቆላው ምድር ያለውን ሕይወት ስለ መቍጠር

ለአገር ገዥዎች፣ ለመሬት ባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት፤

ለፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን ስፍራ በተፈለገ ጊዜ፣ ወደ ቆላው አመልክቶ «ይህ መሬት ባዶ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ይህች «ባዶ» የምትባል ቃል በጽሕፈት አጭር ናት፤ የምታስከትለው ጕዳት ግን ረዥም ነው። በበጋ ሲያዩት ዐመድ የሚመስለው ምድር ዝናብ በጣለ በጥቂት ሳምንት ሣር ለብሶ ይገኛል፤ ዘሩም እስከዚያ ድረስ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቀን በመኪና አልፎ መሬቱን ዐወቅሁት ማለት አይገባም።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሞሃቪ በሚባለው በረሃ የሆነው ምስክር ነው። ኢቫንፓህ በተባለው ስፍራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010፣ በቀድሞ ልካችን 35 ጋሻ በሚያህል በ1,400 ሄክታር ግድም ምድር ላይ ታላቅ የፀሐይ ኀይል ማመንጫ መሠራት ተጀመረ። አስቀድሞ የበረሃ ኤሊ ተቈጥሮ ነበር። ነገር ግን ይህ ኤሊ አብዛኛውን ዕድሜውን በጕድጓድ ተሰውሮ ይኖራልና፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከታሰበው የበዛ ተገኘ። በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ስለ ሆነም መንግሥት በ2011 ከሥራው ከፊሉን አስቆመ፤ ኤሊዎቹን ለማዛወርና ለመጠበቅም ብዙ ገንዘብ ወጣ። ማመንጫው የተመረቀው በ2014 ነው።

በእኛም አገር ሊጠፋ የሚችለው ነገር ጥቂት አይደለም። በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ባለው የግራር ምድር ከቍራ ወገን የሆነች አንዲት ወፍ ትኖራለች፤ ከዚያ ምድር በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም። ግራሩም ለግመልና ለፍየል መኖ፣ ለንብ አበባ ነው። ቦረናዎች «ካሎ» ብለው ከልለው ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚያቈዩትንም ሣር፣ የማያውቅ እንግዳ ባለቤት የሌለው ሜዳ ይለዋል።

«ሕዝብ መብራት እየጠበቀ እኛ ወፍና ኤሊ ስንቈጥር እንዘገያለንን?» የሚል ይኖራል። መብራት ማስፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን ማመንጫው አንድ ጊዜ ከተተከለ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆማል፤ ደኅና ቈጠራ የሚፈልገው የአንድ ዓመት ዙር ነው። አስቀድሞ በሚገባ ያልተቈጠረ፣ በኢቫንፓህ እንደ ታየው፣ በኋላ ሥራ ያስፈታል። በ1995 ዓ.ም. የታወጀው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም ያዘዘውም በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። 1ኛ፤ ቈጠራው በበጋና በዝናብ ወራት፣ በቀንና በሌሊት መደረጉን። 2ኛ፤ የስፍራው ሽማግሎችና እረኞች ተጠይቀው ቃላቸው መጻፉን። 3ኛ፤ ቀድሞ የተራቈተ፣ ለኤሌክትሪክ መሥመርም የቀረበ ሌላ ስፍራ መመርመሩን። 4ኛ፤ አጥሩ አውሬና ከብት ወደ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድ እንዳይዘጋ መታሰቡን።

ፀሐይ በየስፍራው ትወጣለችና ማመንጫውን ወደ ሌላ ስፍራ ማዞር ይቻላል፤ ሌላ አገር የሌላትን ወፍ ግን ወዴት እናዞራታለን? «ባዶ ነው» ብሎ መጻፍ የሚገባው፣ ቈጥሮ ምንም ያላገኘ ሰው ብቻ ነው።